«ፊቴ ይመለሳል ብዬ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ ደሴ ውስጥ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከ11 ወር በፊት ከግራ ጆሮዬ ሥር የነበረ እባጭ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። እባጩ የምራቅ ዕጢ ላይ የበቀለ እንደሆነና ካንሰር እንዳልሆነ በምርመራ ተነገረኝ። ነገር ግን ከማደንዘዣው ስነቃ የግራ ፊቴ ወድቆ አገኘሁት። ሐኪሙ «ነርቩ ትንሽ ተነክቷል፤ ይመለሳል፤ ጠብቂ» አለኝ። እስካሁን ቅንድቤም፣ ጉንጬም፣ ከንፈሬም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኔ አይከደንም፤ ጠዋት ጠዋት አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል፤ ይቀላል። ቡና ስጠጣ በግራ በኩል ይፈስብኛል፤ ሰው ፊት ጉርሻ መቀበል ትቻለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር ተቆጥተሽ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። አክስቴ ምች ነው ትላለች፤ እናቴ ጠበል ትወስደኛለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ፊቱ ተጣሞ በሁለት ወር ስለዳነ ሁሉም «ያንቺም ይድናል» ይሉኛል። አንድ ሰው ደግሞ ፊት በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ ሊሸጥልኝ ነው። ዱባይ ያለች እኅቴ ገንዘብ አሰባስባ ለሕክምና ውጭ አገር ልትልከኝ ታስባለች። የሠርጌ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ አራዝሜዋለሁ። በቀዶ ጥገና የመጣ ነገር እንደገና በቀዶ ጥገና ይስተካከላል? ወይስ ልጠብቅ? እንደ ድሮዬስ እስቃለሁ? — ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ እኅቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «11 ወር» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ መልሱን ላስቀድም፤ ከእንግዲህ አትጠብቂ። መጠበቅ የሚያድነው የፊት ሽባነት አለ፤ ያንቺ ግን ከዚያ ወገን አይመስልም። ላንቺ የሚሆን የቀዶ ጥገና ሕክምና አለ፤ ነገር ግን ከመካከሉ የተሻለው መንገድ በጊዜ የተገደበ ነው፤ የቀረሽም ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው። ይህን የምጽፈው ላስደነግጥሽ አይደለም። ሰው ሁሉ በቅንነት «ታገሺ» እያለ የሚያሳልፍብሽን ጊዜ ስለምፈራልሽ ነው።

ወደ ነርቩ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ዓይንሽ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። የፊት መጣመም ዛሬም ሆነ ከዓመት በኋላ የሚታከምበት አንድ መንገድ አይጠፋም። የማይከደን ዓይን ግን ይደርቃል፤ ሲደርቅ ከፊት ለፊቱ ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ደግሞ ብርሃን ይጋርዳል። ጠዋት ጠዋት እንደ አሸዋ የሚቆረቁርሽ ሌሊቱን ሙሉ ዓይንሽ በከፊል ተከፍቶ ስለሚያድር ነው። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ቀን ቀን ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ጨምሪ። ማታ ስትተኚ ወፈር ያለውን የዓይን ቅባት አድርጊና የላይኛውን የዓይን ቆብ በጣትሽ ወደ ታች አውርደሽ፣ መግጠሙን በመስተዋት ካየሽ በኋላ በሕክምና ፕላስተር ያዥው። ዓይን ገርበብ ብሎ ሳለ ፕላስተር መለጠፍ ራሱ ይቧጭራል፤ ስለዚህ መግጠሙን ሳታረጋግጪ አትለጥፊ። ከቤት ስትወጪ አቧራና ነፋስ የሚከልል መነጽር አይለይሽ። በዚህ ሳምንት ውስጥም የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ቀለም ጠብ አድርገው በልዩ ብርሃን ሲያዩት የቆሰለ ቦታ ካለ ወዲያው ይታያል። ዓይንሽን ካመመሽ፣ እይታሽ ከደበዘዘ ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ግን በዚያው ቀን ሂጂ።

ለዓይን ቆብ የሚደረግ ትንሽ ቀዶ ጥገናም አለ፤ ሰው እምብዛም ስለማይሰማው ላስተዋውቅሽ። ዓይን የሚከፍተው ጡንቻ የሚታዘዘው በሌላ ነርቭ ስለሆነ በደህና ይሠራል፤ የተጎዳው የሚዘጋው ነው። ሐኪሞች አንድ ግራም አካባቢ የሚመዝን ስስ የወርቅ ወይም የፕላቲኒየም ቁራጭ ከላይኛው የዓይን ቆብ ቆዳ ሥር ያስቀምጣሉ። ዓይንሽን ልትዘጊ ስታስቢ ከፋቹ ጡንቻ ይላላል፤ ቆቡም በክብደቱ ይወርዳል። ሥራው የሚሠራው ቦታውን ብቻ በማደንዘዝ ነው። ከመሠራቱ በፊት ልክ የሚሆንሽን ክብደት ለማወቅ የተለያዩ ቁራጮችን ከውጭ በቆብሽ ላይ እየለጠፉ ይሞክሩልሻል። አንድ ቀን የፊትሽ እንቅስቃሴ ቢመለስ ይወጣል። ነገሩ ያለው በመሬት ስበት ላይ ስለሆነ ተኝተሽ ሳለ አይረዳም፤ የማታው ቅባት አይቀርም። ይህ የማይገኝ ከሆነ የዓይን ሐኪሙ የሁለቱን ቆቦች የውጭ ጥግ ጥቂት ሰፍቶ ክፍተቱን ሊያጠብበው ይችላል። እሱ መልክን ትንሽ ይለውጣል፤ ዓይንን ግን ያተርፋል።

አሁን ወደ ጎረቤታችሁ ልጅ። የዳነው እውነት ነው፤ የእሱ ሕመም ካንቺ ጋር የሚገናኘው ግን በመልክ ብቻ ነው። ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ፊቱ በአንድ ወገን ተጣሞ የሚያገኝበት፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ሕመም ቤልስ ፓልሲ ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1821 ስለ ፊት ነርቭ ከጻፈው ከስኮትላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ከቻርልስ ቤል ነው። በዚህ ሕመም ነርቩ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ውስጥ፣ በጠባብ ቦይ ሲያልፍ አብጦ ይታፈናል እንጂ አይቆረጥም። እብጠቱ ሲቀንስ ይመለሳል። ምንም ሳይታከሙ እንኳ ከ10 ሰዎች 7ቱ ያህል ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፤ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከተጀመረ ደግሞ የሚድኑት ከዚያም ይበዛሉ። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከገባ ሦስት ቀን ሳያልፍ ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ከፊቱ ጋር እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበትም ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ለሰዓት እንኳ አይዘግይ።

አክስትሽ «ምች ነው» ማለታቸውም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ምች ሲመታ ከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው የሄርፐስ ቫይረስ ነው፤ ለቤልስ ፓልሲም መነሻ ነው ተብሎ የሚጠረጠረው ይኸው ቫይረስ ነው። ያንቺን ፊት የጣለው ግን ቫይረስ አይደለም። ከማደንዘዣ ስትነቂ ያገኘሽው ጉዳት ነው፤ ዳማከሴ ደግሞ የተጎዳ ነርቭ አይቀጥልም።

የፊት ነርቭ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 7ኛው ነው። ከጆሮ ሥር ካለው አጥንት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ምራቅ ዕጢው ይገባል፤ እዚያው ዕጢው ውስጥ ይከፋፈልና አምስት ዋና ዋና ቅርንጫፎች ያወጣል። አንዱ ወደ ግንባር፣ አንዱ ወደ ዓይን ዙሪያ፣ አንዱ ወደ ጉንጭና ወደ ላይኛው ከንፈር፣ አንዱ ወደ ታችኛው ከንፈር፣ የመጨረሻው ወደ አንገት ይሄዳል። እባጭ ለማውጣት የሚገባ ሐኪም ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ነው የሚሠራው። ሳይቆረጡ በመነካካትና በመሳብ ብቻ ቢደክሙ ከሳምንታት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ይመለሳሉ፤ ይህ በዚህ ቀዶ ጥገና የተለመደ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ጠብቂ» መባልሽ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መጠበቁ ቀን ሳይቆረጥለት መቅረቱ ነው። እስከ 6ኛው ወር ድረስ ምንም ምልክት ካልታየ ብዙ የዘርፉ ባለሙያዎች ሌላ መላ መፈለግ ይጀምራሉ። ያንቺ ቅንድብ፣ ጉንጭና ከንፈር በአንድነት ዝም ማለታቸው ደግሞ ጉዳቱ የደረሰው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሳይሆን በግንዱ ላይ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁመኛል።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል ያስጨንቀኛል? ጡንቻ ከነርቩ የሚመጣለት ትእዛዝ ሲቋረጥ ወዲያው አይሞትም። እየሳሳ፣ እየቀጠነም ቢሆን ለወራት ይቆያል። ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ሥጋው ቀስ በቀስ በጠባሳና በስብ ይተካል። ከዚያ በኋላ ነርቭ ቢደርስለት እንኳ ወራቱ ካለፈ በኋላ እንደተዘራ ማሳ ነው፤ አይበቅልም። ነርቭ ደግሞ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ከጆሮሽ ሥር እስከ ከንፈርሽ ጥግ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነርቩ ዛሬ ቢሰፋ እንኳ እዚያ ለመድረስ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል። 11 ላይ ሦስት ስትጨምሪበት የት እንደምትደርሺ ታያለሽ። በሚቀጥለው ዓመት ልታደርጊው ያሰብሽው ሁሉ ወደዚህ ወር መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ወረቀት ነው። ቀዶ ጥገናው ወደተደረገበት ሆስፒታል ሄደሽ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ግልባጭ ጠይቂ፤ የመውጫ ወረቀቱን ሳይሆን ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጻፈውን ዝርዝር። ነርቩ ታይቷል? ተቆርጧል? ከተቆረጠስ የቱ ጋ? በዚያው ሰዓት ተሰፍቷል? «ትንሽ ተነክቷል» የሚለው ቃል ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም። የራስሽ የሕክምና መረጃ ነውና ስትጠይቂ አትፈሪ፤ ክስ እንደማታስቢ፣ ለሕክምና እንደምትፈልጊው ተናገሪ። ቂምም ካለብሽ ለጊዜው አቆዪው፤ አሁን የምትፈልጊው መልስ ነው። የእባጩን የላቦራቶሪ ውጤትም አብረሽ ያዥ።

ሁለተኛው ኤሌክትሮማዮግራፊ፣ በአጭሩ ኢኤምጂ የሚባለው ምርመራ ነው። ቀጭን መርፌ ወደ ፊት ጡንቻ ገባ ተደርጎ በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በስክሪን ይነበባል። ጡንቻው ነርቭ ቢያጣም በሕይወት ካለ በራሱ ይርገበገባል፤ ያ መርገብገብ በማሽኑ ላይ ይታያል። ነርቩ እየተመለሰ ከሆነ የሚታየው ሌላ ዓይነት ምልክት ነው። ጭራሽ ጸጥ ካለ ጡንቻው ወደ ጠባሳ ተለውጧል ማለት ሊሆን ይችላል። የሚሠራልሽ የቀዶ ጥገና ዓይነት ከሁሉ ይልቅ የሚወሰነው በዚህ ውጤት ነው። መርፌው ያማል፤ ግን የሚቻል ሕመም ነው።

ጡንቻሽ በሕይወት ከተገኘ የሚታሰበው ሌላ ደህና ነርቭ አምጥቶ መቀጠል ነው። ይህ አዲስ ሙከራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ ቻርልስ ባላንስ የተባለ ሐኪም የሞተውን የፊት ነርቭ ትከሻን ከሚያነሣው ነርቭ ጋር ሰፋው። ፊት ተንቀሳቀሰ፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ትከሻ ሲነሣ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመኖች የምላስን ነርቭ መጠቀም ጀመሩ፤ ፊት በረታ፣ ነገር ግን ነርቩ ሙሉ በሙሉ ሲወሰድ የምላስ ግማሹ እየኮሰሰ ንግግርና መዋጥ ይከብድ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከምላስ ነርቭ የሚወሰደው ከፊሉ ብቻ ነው። አሁን በብዙ ቦታ የሚመረጠው ደግሞ የመንጋጋን ጡንቻ ከሚያዘው ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ መውሰድ ነው። ጣትሽን ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ ጥርስሽን ስትነክሺ የሚጠነክረው ጡንቻ ነው። ይህ ነርቭ ብርቱ ነው፤ ለፊት ነርቭ ቅርንጫፎችም ቅርብ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንቅስቃሴ ይታያል። በመጀመሪያ ፈገግ ለማለት ጥርስሽን መንከስ ይኖርብሻል። ከዚያ በመስተዋት ፊት፣ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየታገዙ፣ እየቀለለ እየቀለለ ይሄዳል፤ ብዙዎች ኋላ ላይ ሳይነክሱም ፈገግ ማለት ይማራሉ። ለማኘክ አያሰጋሽም፤ ለማኘክ የሚሠሩት ጡንቻዎች ሌሎችም አሉ።

ከደህናው ከቀኝ ፊትሽም ነርቭ ማሻገር ይቻላል። ከባት ጀርባ የሚገኝ የስሜት ነርቭ ተወስዶ፣ በላይኛው ከንፈር ሥር ከቀኝ ወደ ግራ ይዘረጋል፤ የተወሰደበት እግር የውጭ ጎን ትንሽ ይደነዝዛል። የዚህ ዘዴ ትልቅ ጥቅም ልብ የሚነካ ነው። የቀኙ ፊት ከልብ ሲስቅ ግራውም አብሮ ይስቃል፤ ማሰብ፣ መንከስ አያስፈልግም። ነገር ግን ነርቩ የሚጓዘው ርቀት ረጅም ነው፤ በቀን በአንድ ሚሊ ሜትር ፍጥነት ከግማሽ ዓመት በላይ ይፈጃል። በ11ኛው ወር ላይ ይህ ብቻ ቢሠራ ነርቩ እስኪደርስለት ጡንቻው አይጠብቅም። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ሁለቱን ያጣምራሉ፤ የመንጋጋው ነርቭ ቶሎ ደርሶ ጡንቻውን ሕያው ሲያደርግ፣ ከቀኝ የሚመጣው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ካንቺ ሁኔታ ጋር ይህ የሚስማማ መሆኑን ሐኪምሽን በዚሁ ቃል ጠይቂው።

ኢኤምጂው ጡንቻው እንደሌለ ቢናገርስ? ያኔም በር አይዘጋም፤ ሥራው ግን ይከብዳል። የፊት ጡንቻ ከሌለ ሌላ ጡንቻ መምጣት አለበት። ከጭን ውስጠኛ ክፍል ቁራጭ ጡንቻ ከነደም ሥሩና ከነነርቩ ተወስዶ ጉንጭ ላይ ይተከላል፤ የደም ሥሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከጸጉር በሚቀጥን ክር ይሰፋሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ያስተዋወቁት ጃፓናዊው ኪዮኖሪ ሃሪና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ የሠለጠነ እጅና የሠለጠነ ክትትል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጭን አንድ እንዲህ ያለ ጡንቻ ቢያጣ መራመድ አይቸግርም። ነርቩን ከመንጋጋ ከሰጡት በአንድ ቀዶ ጥገና ያልቃል፤ ከቀኝ ፊት እንዲመጣ ከተፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ነርቩ ተሻግሮ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ከቆየ በኋላ ነው ጡንቻው የሚተከለው።

ከዚህ የሚቀልለው መንገድ ከጆሮ በላይ፣ በጸጉር ሥር ያለውን የማኘኪያ ጡንቻ ጅማት ወደ ከንፈር ጥግ ማውረድ ነው። ይህ ጡንቻ የራሱ ነርቭና የራሱ ደም ስላለው ማይክሮስኮፕ አይጠይቅም። በዚህ ጡንቻ መጠቀም ለኢትዮጵያ ባዕድ አይደለም። የሥጋ ደዌ የፊትን ነርቭ ስለሚያጠቃ ዓይናቸው የማይከደን ሕሙማን ብዙ ነበሩ፤ ለእነሱ ከዚሁ ጡንቻ ቁራጭ ተወስዶ ዓይን እንዲዘጋ የሚደረግበት ቀዶ ጥገና በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት የተመሠረተውም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕሙማን ሕክምናና ለባለሙያዎች ሥልጠና ነው። ይህን የማነሣው «እኛ አገር የፊት ነርቭ ሕክምና የለም» የሚለውን ንግግር ሳትመረምሪ እንዳትቀበዪ ብዬ ነው።

«እንደ ድሮዬ እስቃለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እውነቱን መንገር አለብኝ። ትክክል እንደ ድሮሽ፣ አይደለም። በተሳካ ቀዶ ጥገና ፊትሽ ዝም ሲል ሚዛኑን ይይዛል፤ ከንፈርሽ ጥግ ይነሣል፤ ፈገግታሽ ይታያል፤ ቡናው አይፈስም፤ ምግብ በጉንጭና በድድ መሐል አይከማችም። ግንባርሽ ግን እንደማይመለስ ቁጠሪው፤ ቅንድብሽ ከወረደ በትንሽ ቀዶ ጥገና ከፍ ይደረጋል። አንዳንዴም ነርቩ ሲያድግ መንገዱን ስቶ አፍ ሲንቀሳቀስ ዓይን ይጠብባል፤ ይህ ቦቶክስ በሚባል ጡንቻን በሚያላላ መርፌና በልምምድ ይታከማል። ደህናው ወገን ብዙ እየሳበ ፊት ሲያጣምም ደግሞ በዚያው መርፌ ይለዝባል። «ምንም ምልክት ሳይኖር እንደ ድሮሽ አደርግሻለሁ» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

የኤሌክትሪክ መሣሪያውን አትግዢ። የተቋረጠ ነርቭ በእሱ እንደሚመለስ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ «እስቲ ሁለት ወር ልሞክረው» የሚያሰኝ መሆኑ ነው፤ እነዚያ ሁለት ወራት የሉሽም። ጠበሉን ግን ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ የሚያጽናናሽን አትተዪ። አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፤ ጠበሉ ሲፈስስ ግራ ዓይንሽ ራሱን መዝጋት ስለማይችል በእጅሽ ሸፍኚው፤ ጠብታውንና ቅባቱንም በጠበል ሰሞን አታቋርጪ። ማንኛውንም ቅጠል ጨምቀው ወደ ዓይንሽ እንዲያደርጉ አትፍቀጂ።

ስለ ውጭ አገሩ፣ እኅትሽ ገንዘቡን አሰባስባ ብትይዝ ጥሩ ነው፤ ትኬት ግን ገና አትቁረጡ። መጀመሪያ ደሴ ካለው ሪፈራል ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስሽን ሪፈር አጽፊ፤ የአንገት በላይ ሐኪምም የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪምም ሊያዩሽ ይገባል። የካቲት 12 እና አለርት የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና የሚሠራባቸው ሆስፒታሎች ናቸው፤ ከእነሱ ጀምሪ። በቀጥታ ጠይቂ፤ «የነርቭ ማዛወር ቀዶ ጥገና እዚህ ይሠራል? እርስዎ ሠርተው ያውቃሉ? ካልሆነ ማን ዘንድ ልሂድ? ለተራው ስንት ወር እጠብቃለሁ?» የመጨረሻው ጥያቄ እንደ መጀመሪያው ያህል ይመዝናል። ቀጠሮው ከስድስት ወር በኋላ ከሆነ ላንቺ እንደሌለ ነው፤ ያኔ የእኅትሽ ገንዘብ ለቦታው ይውላል። ወደ ውጭ ከሄድሽም የሚመለከትሽ ሐኪም በፊት ነርቭ ላይ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ ስሙ የገነነ ሆስፒታል ብቻውን በቂ አይደለም። አገር ቤት ስትመለሺ ማን እንደሚከታተልሽም ሳትሄጂ ተስማሚ።

ሠርጉን በቀዶ ጥገናው ውጤት አታሥሪው። ቀዶ ጥገናው ነገ ቢሠራ እንኳ ውጤቱ ወራት ይፈጃል፤ ቀኑን እያራዘምሽ ራስሽን ታስጨንቂያለሽ። እጮኛሽ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚል ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም። ሠርጉን ያራዘምሽው አንቺ ከሆንሽ እሱን ሳትጠይቂ ስለ እሱ እንዳትወስኚ እፈራልሻለሁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂም አብሮሽ እንዲመጣ ጠይቂው፤ የሚባለውን ሁለት ሰው ሲሰማው ይሻላል።

ተማሪዎችሽን ደግሞ ንገሪያቸው። ሕፃናት የሚያነብቡት ፊትን ነው፤ ፊትሽ የማይነግራቸውን አፍሽ ይንገራቸው። አንድ ጠዋት ክፍል ስትገቢ «ልጆች፣ በዚህ በኩል ያለው ፊቴ ታሟል፤ ስለዚህ አይስቅም፤ ስደሰት ግን በቃሌ እነግራችኋለሁ» በያቸው። የሕፃናት ጥያቄ መልስ ካገኘ ያበቃል፤ መልስ ካላገኘ ግን በየቀኑ ይመለስብሻል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ከሰው መሸሹ ከበረታብሽም ለሐኪምሽ አትደብቂ፤ ፊቱ የማይታዘዝለት ሰው ሐዘን መታከም ያለበት ነገር ነው።

አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት በስልክሽ አጭር ቪዲዮ አንሺ። በመስኮት ብርሃን ፊት ተቀምጠሽ መጀመሪያ ፊትሽን ዝም አድርገሽ ቆዪ፤ ከዚያ ቅንድብሽን አንሺ፣ ዓይንሽን በቀስታ ከዚያም አጥብቀሽ ዝጊ፣ ጥርስሽን ገልጠሽ ፈገግ በዪ፣ ከንፈርሽን ሰብስበሽ እንደ ፉጨት አድርጊ። አሁን አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አንሺ። ሁለቱን አወዳድሮ የሚያይ ሐኪም፣ አንቺ በመስተዋት የማታስተውዪው ቅንጣት እንቅስቃሴ ካለ ያገኘዋል፤ ያ ከተገኘ ዕቅዱ ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛውን ቪዲዮ ለማንሣት ብለሽ ግን ሪፈሩን አታዘግዪ።